ለቃላት ክለሳ አንድ ስልክ ሲበቃ

ሰኞ የተማሩትን አሥር የእንግሊዝኛ ቃላት መምህሩ ዓርብ ሲጠይቁ ክፍሉ ጭጭ ይላል። ደብተሩ ሲገለጥ ቃላቱ ከነትርጉማቸው ተሰድረው፣ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮባቸው ይገኛሉ። ተማሪው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ምናልባት ሦስት አራት ጊዜ አንብቧቸዋል። ግን ማንበብ ሌላ፣ ደብተር ዘግቶ ቃሉን ከራስ ማውጣት ሌላ ነው።

ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ይህንኑ በሙከራ አሳይተዋል። ተማሪዎቹ አንዱን አጭር ጽሑፍ ደግመው አጠኑት፤ ሌላውን ግን አንዴ አጥንተው ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያጠኑት በለጠ። ከሳምንት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ፦ ደግመው ካጠኑት 42 በመቶ ያህሉን፣ ራሳቸውን ከፈተኑበት ግን 56 በመቶ ያህሉን አስታወሱ።

የስልክ ጨዋታ ለክለሳ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። ፈተና ነው፤ ግን ማንም አይፈራውም።

ከእነዚህ ጨዋታዎች በዓለም ላይ በሰፊው የሚታወቀው ካሁት እ.ኤ.አ. በ2013 ከኖርዌይ የወጣ ነው። ጥያቄው በፕሮጀክተር ሰሌዳ ላይ ይታያል፤ ተማሪው በስልኩ ከአራት ቀለማት አንዱን ይነካል፤ ፈጥኖ በትክክል የመለሰ ብዙ ነጥብ ያገኛል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ጥድፊያ ነው። ሰዓት ሲያጥር ተማሪ ማሰቡን ትቶ ይገምታል፤ ቀስ ብሎ የሚያስበው ልጅ ደግሞ ስሙን ሁልጊዜ ከታች ያየዋል። ደግነቱ የጥያቄውን ጊዜ መምህሩ ማስረዘም ይችላሉ።

ስልሳ ተማሪ በታጨቀበት፣ ስልክ ይዞ መግባት በተከለከለበት ክፍል ግን ካሁት ቅንጦት ነው። እዚያ የሚያዋጣው ፕሊከርስ የተባለው መተግበሪያ ነው። ስልክ የሚያስፈልገው ለመምህሩ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ጥቁርና ነጭ ምስል የታተመበት የራሱ ወረቀት ይሰጠዋል፤ በአራቱ ጎኖች ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ በደቃቅ ፊደል ተጽፈዋል። ተማሪው የመረጠውን ፊደል ወደ ላይ አዙሮ ወረቀቱን ያነሳል፤ መምህሩ ክፍሉን በስልካቸው ካሜራ ይቃኛሉ፤ ማን ምን እንደመለሰ ወዲያው ይመጣላቸዋል። የአንዱ ወረቀት ከሌላው ስለሚለይ ከጎረቤት መኮረጅም አይመችም። አፉን ከፍቶ የማያውቀው የኋላ ወንበር ተማሪ እንኳ ይመልሳል።

ዋናው ሥራ ግን ያለው ከስልኩ ውጭ፣ ጥያቄው ላይ ነው። የማይመስል ምርጫ ከተደረደረ ቃሉን የማያውቀውም ያገኘዋል። «ሌንድ» ማዋስ፣ «ቦሮው» መዋስ መሆኑን ለመጠየቅ ሁለቱንም ምርጫ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ተማሪ የሚሳሳተው እዚያ ነውና። ከአራት ምርጫ ትክክለኛውን መለየት ደግሞ ቃሉን በአፍ ከመጠቀም ይቀላል፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ አንድ ልጅ ተነስቶ በቃሉ ዓረፍተ ነገር ይሥራ። ከአሥሩ ጥያቄዎች አራቱ ካለፉት ሳምንታት ቢሆኑ ጥሩ ነው። ብዙዎች የሳቱት ቃል ካለ መምህሩ በማስታወሻቸው ይያዙት፤ በሚቀጥለው ዓርብ የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ይሆናል።