ባትሪ የሌለው ጆሮ

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 4 ቀን 1945 ሞስኮ ውስጥ የሶቪየት ታዳጊዎች ለአሜሪካው አምባሳደር አቬሬል ሃሪማን ከእንጨት የተቀረጸ የአሜሪካን አርማ በስጦታ አበረከቱላቸው። አርማው በአምባሳደሩ መኖሪያ ግድግዳ ላይ ዓመታት ከቆየ በኋላ፣ በ1952 ሲፈተሽ ከውስጡ የማዳመጫ መሣሪያ ተገኘ። ባትሪ የለው፣ ሽቦ የለው። ሩሲያዊው የፈጠራ ሰው ሊዮን ቴርሚን የሠራው ይህ ዕቃ ከውጭ የሬዲዮ ሞገድ እስኪላክበት ድረስ ምንም አይሠራም። ሞገዱ ሲደርሰው ግን በክፍሉ ውስጥ የሚነገረው ድምፅ ስስ የብረት ሽፋኑን ያነዝረዋል፤ ንዝረቱም ተመልሶ የሚወጣውን ሞገድ ይለውጠዋል። ውጭ ያለው ሰላይ ንግግሩን የሚሰማው ከዚያ ለውጥ ነው።

አር ኤፍ አይ ዲ የሚባሉት የዛሬዎቹ መለያዎችም ዋና ብልሃታቸው ይኸው ነው። መለያው አንድ አንቴናና አንድ ቺፕ ነው፤ ቺፑ አንዳንዴ ከጤፍ ፍሬ ያንሳል። አንባቢው መሣሪያ ሞገድ ሲልክ ቺፑ ከዚያው ከሞገዱ ጥቂት ኃይል ወስዶ ይነቃና ቁጥሩን ይናገራል። የሚናገረውም የራሱን ሞገድ አመንጭቶ ሳይሆን የመጣበትን አንዴ አጉልቶ አንዴ አደብዝዞ በመመለስ ነው። ሃሪ ስቶክማን በተንጸባረቀ ኃይል ስለ መገናኘት የጻፈው በ1948 ቢሆንም፣ ሐሳቡን በርካሽ ለመሥራት ረቂቅ ቺፖች እስኪመጡ መጠበቅ ግድ ነበር። በ1970ዎቹ የሎስ አላሞስ ተመራማሪዎች ለከብት መለያ ሞከሩት። ዛሬ በ134 ኪሎኸርዝ ከብት፣ በ13.56 ሜጋኸርዝ ፓስፖርትና የባንክ ካርድ ይነበባል፤ በ900 ሜጋኸርዝ አካባቢ ደግሞ ከበርካታ ሜትር ርቀት የመጋዘን ዕቃ ይቆጠራል። ዱባይ የሚኖሩ ወገኖቻችን መኪናቸው መስታወት ላይ የሚለጥፉት፣ ከ2007 ጀምሮ የመንገድ ክፍያ የሚያስቆርጠው ሳሊክም ከዚሁ ቤተሰብ ነው።

የቴርሚን ዕቃ ግን ቁጥር አልነበረውም፤ ጆሮ ነበር። ልጆቹ የሆኑት መለያዎች «ማን ነህ?» ተብለው ሲጠየቁ ብቻ መመለስን ተማሩ። አሁን ደግሞ «እንዴት ነህ?» እየተባሉ ነው፤ ለእኔ ትልቁ እርምጃ ይህ ነው። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲና የኢንቴል ተመራማሪዎች የሠሩት ዊስፕ የተባለ መለያ ከአንባቢው በሚለቅመው ኃይል ብቻ ሙቀትንና እንቅስቃሴን ይለካል።

ሆኖም ባትሪ የሌለው መለያ ጠያቂ ከሌለ አይለካም። ለምሳሌ አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ቢሞቅና ጠዋት ቢቀዘቅዝ፣ መለያው የሚናገረው የጠዋቱን ብቻ ነው። በጤና ጣቢያ የሚሠሩ ነርሶች ለዚህ የታመነ ዘዴ አላቸው፤ ብልቃጡ ላይ ያለው ትንሽ አራት ማዕዘን በሙቀት እየጠቆረ ይሄዳል፣ ወደ ኋላም አይመለስም። ተመራማሪዎችም ይህንኑ ጠባይ ለመለያው ሊሰጡት እየሞከሩ ነው፤ ሙቀቱ ከወሰን ካለፈ የአንቴናው ምላሽ ለዘለቄታው ይለወጣል። አንባቢው በማግስቱ ቢደርስም የሌሊቱን ይሰማል።