የተራራ መንገድ ጥገና

ከኮልፌ ቀራንዮ በስተምዕራብ የሚታየው የወጨጫ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,300 ሜትር ይበልጣል። በተዳፋቱ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ፣ ከወፍ ዋሻ ደን በመጣ ዘር እንደ ለማ ይነገራል። እንዲህ ባለ ተራራ የእግር መንገድን ከሰው ኮቴ ይልቅ የሚጎዳው የክረምት ጎርፍ ነው። መንገዱ ቦይ ሲሆን እግረኛው ዳር ዳሩን ይረግጣል፤ ሣሩ ይጠፋል፣ አፈሩም ይሸረሸራል። ስለዚህ መንገዱን የሚጠግኑ በጎ ፈቃደኞች ዋና ሥራ ውሃውን ከመንገዱ ማስወጣት ነው። መንገዱ ወደ ቁልቁለቱ በጥቂቱ እንዲያዘነብል ይደለደላል፤ አለፍ አለፍ እያለም ድንጋይ ወይም ግንድ አግድም ተቀብሮ ጎርፉን ወደ ጎን ይመልሳል። ለዚህ ዶማና አካፋ ይበቃሉ፤ ጉልበቱ ግን የደቦ ነው። በሥራው ቦታ ድንኳን ተክሎ ማደር በየቀኑ ከመውጣትና ከመውረድ ያድናል፤ የጥገናው ጊዜም ክረምቱ ሳይገባ ቢሆን ይሻላል።