ሳይፋቅ የማይነበብ ቃል

ወደ ፓቶሎጂ ክፍል የሚመጣው ሕመምተኛው ራሱ ሳይሆን ከአካሉ ተቆርጦ በፎርማሊን የተነከረ ቁራጭ ሥጋና ከእርሱ ጋራ የተላከው የመጠየቂያ ወረቀት ስለ ሆነ፣ እኛ የዚህ ሙያ ሰዎች ስለ ባለቤቱ የምናውቀው ጥቂት፣ ስለ ሥጋው ባሕርይ እንድንመሰክር የምንጠየቀው ግን ብዙ ነው። በአገራችን የቆዳ ካንሰር ተጠርጥሮ ከሚላክልን መካከል ሦስቱ ወገኖች ደጋግመው ያጋጥሙኛል፤ ይኸውም ከውስጥ እግር ወይም ከጥፍር ሥር የሚነሣው ሜላኖማ፣ ከአልቢኒዝም ጋራ በተወለዱ ሰዎች ፊትና አንገት ላይ ፀሐይ የሚያስነሣው ካንሰር፣ እንዲሁም ለዓመታት ሳይድን በኖረ ቁስል ወይም በቃጠሎ ጠባሳ ላይ የሚበቅለው ነው። ፊተኛውን የፀሐይ ሥራ ነው ለማለት አይቻልም፤ ውስጥ እግርን ፀሐይ አይመታውምና፤ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሕዝቦች ዘንድ ግን ከሜላኖማ ዓይነቶች ሁሉ አብዝቶ የሚታየው ይኸው ነው። በ1980 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ የተባለው ቦብ ማርሊም በሚከተለው ዓመት፣ ገና በ36 ዓመቱ ያረፈው፣ ከእግሩ ጣት ጥፍር ሥር በተነሣው በዚሁ በሽታ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጽፍ አንባቢ ይወቅልኝ።)

በተለመደው ሐምራዊና ሮዝ ቀለም የተቀባውን ስስ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ከተመለከትሁ በኋላ ጥርጣሬ ሲያድርብኝ፣ ፒ16 የሚባለውን ፕሮቲን ፈልጎ በተገኘበት ስፍራ ሁሉ ቡናማ ቀለም የሚያሳየውን ሌላውን ምርመራ አስከትላለሁ። የዚህ ፕሮቲን ተግባር ሕዋሱ ለመከፈል ሲሰናዳ እንደ ዘበኛ በሩ ላይ መቆም ነው፤ ጉዳት የሌለው ጥቁር የቆዳ ምልክት ጥቂት አድጎ ዕድሜ ልኩን እንደዚያው የሚኖረውም በከፊል እርሱ ስለሚያግደው ነው። እንግዲህ በሜላኖማ ውስጥ ቡናማው ቀለም ይገኝበታል ተብሎ የታሰበው ሜዳ ባዶ ሆኖ ሲታይ፣ ዘበኛው እንደሌለ ማይክሮስኮፑ ይመሰክርልኛል፤ ስለምን እንደሌለ ግን አይነግረኝም፤ እኔን ዘወትር የሚያሳስበኝም ይህ ነው፤ የጠፋውና ዝም የተሰኘው በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸውና።

የብራና መጻሕፍትን ያገላበጠ ሰው እንደሚያውቀው፣ ቁም ጸሐፊ የተሳሳተ ቃል ሲያገኝ ወይ በስለት ፍቆ ያጠፋዋል፣ ወይም ቃሉን እንዳለ ትቶ ከላይና ከታች ሰረዝ በማድረግ አንባቢው አልፎት እንዲሄድ ያመለክታል። ፒ16ን የሚያሠራው፣ በዘጠነኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኘውና በ1994 የታወቀው ዘረመል በብዙ ሜላኖማዎች ውስጥ ከነጭራሹ ተፍቆ ይገኛል፤ ነገር ግን በ1995 ተመራማሪዎች በልዩ ልዩ ካንሰሮች እንዳሳዩት፣ አንዳንድ ጊዜ ቃሉ ፊደል ሳይጎድልበት በሰረዝ ብቻ ተከልክሎ ይኖራል። ሰረዙም ሜቲል የሚባለው፣ ከአንድ ካርቦንና ከሦስት ሃይድሮጅን የተሠራ ኢምንት ቅንጣት ነው፤ በዘረመሉ ራስጌ ላይ ሳይቶሲን ከጓኒን አጠገብ በተደጋገመበት ስፍራ በሳይቶሲኖቹ ላይ ሲያርፍ፣ ሌሎች ፕሮቲኖች ይህን ትእምርት ተከትለው መጥተው የዲኤንኤውን ክር አጥብቀው ስለሚጠቀልሉት፣ አንባቢው ወደ ውስጥ መግባት ይሳነዋል፤ ዘረመሉም በህላዌው ሳለ በአርምሞ ይቀመጣል። ሰረዙ በራሱ ክፉ አይደለም፤ የሰውነት ሕዋሳት ሁሉ አንዱን መጽሐፍ ይዘው ሳሉ የጉበቱ ሕዋስ የዓይንን ሥራ የማይሠራው፣ ለየራሱ የማይገባው ምንባብ በእንዲህ ያለ ምልክት ስለሚታለፍ ነው። ምሳሌው የሚያገለግለው ግን እስከዚህ ድረስ ነው። አስተዋይ ቁም ጸሐፊ መጽሐፉን ሲገለብጥ የተሰረዘውን ቃል ይተወዋል፤ ሕዋስ ግን ሲከፈል ቃሉንም ሰረዙንም አብሮ ይገለብጣል፤ ለዚሁ የተመደበ ኢንዛይም አለውና፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ የወረደ ዝምታ ከእናት ሕዋስ ወደ ልጆቿ እየተላለፈ ይኖራል።

አልፍሬድ ክኑድሰን በ1971 ስለ ሕፃናት የዓይን ካንሰር ሲጽፍ፣ ከአባትና ከእናት የወረስናቸው ሁለቱ ቅጂዎች ካልጠፉ በቀር የዘበኛው ሥራ ፈጽሞ እንደማይቋረጥ አስረድቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተማርነው፣ አንደኛው ቅጂ ተፍቆ ሳለ ሁለተኛው በሰረዝ ብቻ ሊከለከል እንደሚችል ነው። በፀሐይ ምክንያት በሚነሣው ካንሰር ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ረቂቅ ይሆናል፤ ሜቲል ያረፈበት ሳይቶሲን ከሌላው ይልቅ ለፀሐይ ጨረር ተጋላጭ ስለ ሆነ፣ ፒ53 በሚባለው ሌላው ገቺ ዘረመል ላይ ጨረሩ ደጋግሞ የሚያበላሻቸው ነጥቦች በአብዛኛው እንዲህ ምልክት የተደረገባቸው ናቸው። ስለዚህ ሰረዝና ፍቀት እንደምናስበው ተለያይተው የሚኖሩ አይደሉም፤ አንዱ ለሌላው መንገድ ይጠርጋል።

የተፋቀ አይመለስም፣ የተሰረዘ ግን ይነበባል የሚለው ተስፋ ብዙ ሰዎችን ማርኳል፤ መማረካቸውም አያስገርምም። በ1964 በፕራግ የተቀመመው አዛሲቲዲን የሜቲሉን ምልክት እንደሚያነሣ ከታወቀ በኋላ፣ በ2004 በአሜሪካ የመቅኒ ሕመም ለሆነው ማይሎዲስፕላሲያ መድኃኒትነቱ ጸድቋል። በሜላኖማ ላይ ግን እንደዚያ ያለ ፍሬ አላፈራም፤ መድኃኒቱ የትኛው ሰረዝ በስሕተት፣ የትኛው በሥርዓት እንደ ተደረገ ለይቶ አያውቅምና ሁሉንም በአንድነት ያነሣል። ስለዚህ አንድ ወጣት ሐኪም በፒ16 ባዶ የሆነ ውጤት ይዞ መጥቶ «ይህን ዘረመል ልንቀሰቅሰው አንችልምን?» ሲለኝ ጥያቄውን እወድለታለሁ፤ ነገር ግን በሪፖርቱ ላይ ያሰፈርሁትን የዕጢ ጥልቀት አስቀድሞ እንዲያነብ እመራዋለሁ። አሌክሳንደር ብሬስሎ በ1970 ያስተማረው በሚሊሜትር የሚለካው ይህ ጥልቀት፣ የሕመምተኛውን ዕጣ ለመገመትና ቀዶ ሐኪሙ ምን ያህል አስፍቶ መቁረጥ እንደሚገባው ለመወሰን እስከ ዛሬ ዋና መሪ ነው፤ በውስጥ እግር ላይ የተነሣው ደግሞ እሾህ የወጋው ወይም ጫማ ያቆሰለው እየተባለ ሲቆይ ጥልቀቱ ያለ ልክ ይጨምራል።

ሆኖም ተፍቆ ይሁን ተሰርዞ ለይቶ ማወቅ የሚቻልበት መንገድ አለ። በ1992 አውስትራሊያ ውስጥ የተገለጠው የባይሰልፋይት ዘዴ ሜቲል የሌለበትን ሳይቶሲን ሲለውጥ ሜቲል ያለበትን እንዳለ ስለሚተወው፣ ዲኤንኤው ሲነበብ ሰረዙ ገሃድ ይወጣል፤ ይህም ከብዙ ዓመት በፊት በፓራፊን ውስጥ ተቀብሮ በመደርደሪያ ከተቀመጠ ሥጋ እንኳ ሊሠራ ይችላል። የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ገና ከመጀመሪያው ነው፤ አሲድነት ያለው ፎርማሊን፣ ወይም ሥጋውን ለሳምንት ረስቶ የሚያቆይ ጠርሙስ፣ ዲኤንኤውን ቆራርጦ ይጥለዋል። እንግዲህ ከቀዶ ሕክምና ክፍል የሚልኩልን ባልደረቦቼ፣ አሲድነቱ በጨው የተስተካከለ ፎርማሊን ከሥጋው መጠን አሥር እጥፍ አድርገው እንዲያፈስሱ፣ በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያደርሱልን፣ በወረቀቱም ላይ «የእግር ቁስል» ብሎ ከማለፍ ይልቅ የትኛው እግር፣ ከተረከዝ ወይስ ከጣት፣ ከስንት ጊዜ ጀምሮ፣ አስቀድሞ ጠባሳ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለውን ጽፈው እንዲልኩልን እለምናቸዋለሁ።