«ባለሙያው ብሏል» ብቻውን አይበቃም

ላሊበላ ተዳፋት ላይ ጎረቤትዎ መሠረት ሲቆፍር የእርስዎ ግድግዳ ተሰነጠቀ እንበል። ካሣ ጠየቁ። ፍርድ ቤት የላከው መሐንዲስ ግን «ስንጥቁ ከዝናብ የመጣ ነው» ብሎ ጻፈ። አለቀ? አላለቀም።

የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 132 ቦታው ድረስ አጣሪ መላክን ይፈቅዳል። ሪፖርቱ የመዝገቡ አካል ይሆናል እንጂ ፍርድ አይደለም፤ በአንቀጽ 133 መሠረት በፍርድ ቤቱ ፈቃድ አጣሪውን ችሎት ላይ መጠየቅ ይቻላል። ፍርድ ቤቱ ካልረካም ተጨማሪ ማጣራት ያዛል።

«አድልቷል» ብሎ መጮህ ብዙም አያዋጣም (ብዙ ደንበኛ ግን የሚጀምረው ከዚያ ነው)። ሥራውን ይመርምሩ፦ ቁፋሮው ከግድግዳው ምን ያህል ይርቃል? ለክቶታል? ጥልቀቱንስ? ዝናቡ በየክረምቱ እየዘነበ ግድግዳው ዘንድሮ ብቻ ለምን ተሰነጠቀ? ጥያቄዎቹን ሪፖርቱ እንደደረሰዎት በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ለይግባኝ አያቆዩዋቸው።