በረጅም ገጽ ውስጥ መንገድ ስለ ማበጀት

አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ባለጉዳይ በፊቱ ቆሞ ሳለ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን በኮምፒዩተር ከፍቶ አንድ አንቀጽ ይፈልጋል እንበል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው ይህ ሕግ 3367 አንቀጾች አሉት። ባለጉዳዩ የጠየቀው ከውል የሚመነጭ ክስ በስንት ዓመት በይርጋ እንደሚታገድ ነው፤ መልሱም፣ በሌላ ሕግ በተለየ ካልተደነገገ በቀር፣ ዐሥር ዓመት መሆኑ በአንቀጽ 1845 ተጽፎ ይገኛል። ነገር ግን ሕጉ ያለ አንዳች ምልክት በአንድ ረጅም ገጽ ላይ ተዘርግቶ እንደ ሆነ፣ ሠራተኛው ገጹን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያመላልስ ሰዓቱ ያልፋል፤ ባለጉዳዩም «ነገ ተመለስ» ይባላል። የክሱ ዘመን ሊያልቅበት ለተቃረበ ሰው ደግሞ ነገ ማለት ቀላል ቃል አይደለም።

ለዚህ ችግር መፍትሔው በገጹ ራስጌ ማውጫ አዘጋጅቶ፣ ከማውጫው ወደ ተፈለገው ክፍል በቀጥታ የሚያደርስ ማስፈንጠሪያ፣ ማለት ብዙዎቻችን ሊንክ የምንለውን፣ ማበጀት ነው።

አሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ጥንታውያን የብራና ወንጌሎች የቂሳርያው አውሳብዮስ ያዘጋጀውን ሰንጠረዥ በመግቢያቸው ይዘዋል። በዚህ ሥርዐት ሰንጠረዡ የክፍሉን ቍጥር ያመለክታል፤ ያው ቍጥር በወንጌሉ ዳር ይጻፋል፤ አንባቢውም ሁለቱን አገናኝቶ የፈለገውን ቃል ያገኛል። እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ በ1989 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ያመነጨው የዓለም አቀፍ ድር አሠራርም እንደዚሁ ሁለት ነገሮችን ይፈልጋል፤ ይኸውም በመድረሻው ላይ ምልክት፣ በመነሻው ላይ ጥቍምት ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ድረ ገጽ የሚዘጋጅበት ኤችቲኤምኤል የተባለው ቋንቋ ለእያንዳንዱ ርእስ አይዲ የሚባል መለያ ስም ለመስጠት ያስችላል። ለምሳሌ ያህል ከላይ ያነሣነውን አንቀጽ «አንቀጽ-1845» ብለን እንሰይመው። ከዚያ በኋላ በማውጫው ውስጥ ማስፈንጠሪያ እናቆማለን፤ የመድረሻው አድራሻ በሚጻፍበት ስፍራም # የተባለውን ምልክት አስቀድመን ያንኑ ስም እንጽፋለን፤ ማለት «#አንቀጽ-1845»። አንባቢው ሲጫነው ብራውዘሩ ስሙን በተከፈተው ገጽ ውስጥ ፈልጎ ወደ ቦታው ያደርሰዋል። ምልክቱ ብቻውን ያለ ስም ሲጻፍ ደግሞ ወደ ገጹ ራስጌ ይመልሳል።

ይሁን እንጂ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ነገሮች አሉ። በመጀመሪያ፣ አንድ ስም ለአንድ ቦታ ብቻ ይሰጣል፤ በስሙ ውስጥም ባዶ ቦታ አይገባም፤ ቃላቱን በሰረዝ ማያያዝ ይገባል።

ሁለተኛው በተለይ እኛን የሚመለከት ነው። «ዐዋጅ» እና «አዋጅ» በንባብ አንድ ናቸው፤ ኮምፒዩተሩ ግን ሁለት ልዩ ልዩ ስሞች አድርጎ ይቈጥራቸዋል። በመድረሻው በዐይኑ «ዐ»፣ በመነሻው በአልፋው «አ» የጻፈ ሰው ማስፈንጠሪያው አይሠራለትም። ከዚህም የከፋው ስሕተቱን የሚያስታውቅ ማስጠንቀቂያ አለመኖሩ ነው፤ ገጹ ባለበት ዝም ብሎ ይቀራል። ስለዚህ ገጹ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት እያንዳንዱን ማስፈንጠሪያ እየተጫኑ መፈተን ግዴታ ነው።

ሦስተኛ፣ አንድ ጊዜ የተሰጠ ስም ያለ በቂ ምክንያት መለወጥ የለበትም። ሌላው መሥሪያ ቤት አድራሻውን ከነምልክቱ ገልብጦ በደብዳቤው ውስጥ አስገብቶት ይሆናል፤ ስሙ ሲለወጥ የደብዳቤው ተቀባይ የተጠቀሰውን ክፍል ሳይሆን የገጹን መጀመሪያ ብቻ ያገኛል። የርእሱ ቃል ቢታረም እንኳ መለያው ስም እንዳለ ይቈይ።

ከዚህም በቀር፣ ዐይነ ስውራን ወገኖቻችን ጽሑፉን ድምፅ በሚያሰማ መሣሪያ እንደሚያነቡት ማስታወስ ይገባል። እኛ በዐይናችን ዘለን የምናልፈውን እነርሱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለመስማት ሊገደዱ ይችላሉ፤ መልካም ማውጫ ግን ከዚህ ድካም ያሳርፋቸዋል።

ክቡራን አንባብያን፤ መመሪያ ወይም ደንብ በድረ ገጽ ስታወጡ ጽሑፉ በመቅረቡ ብቻ ሥራው ተፈጸመ አትበሉ። ማውጫውን ለማዘጋጀት የሚጠፋው ጥቂት ሰዓት የአንድ ሠራተኛ ድካም ነው፤ ባይዘጋጅ ግን ድካሙ ገጹን በሚከፍት ሰው ሁሉ ላይ ይወድቃል።