ከሜዳችን ውጪ ነን፤ ኳሱን የት እንይ?

እህቶች፣ አገር ቤት ሳለን ኳስ ማየት ቀላል ነበር። ሰፈር ያለ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ጥቂት ብር ከፍሎ አግዳሚ ላይ መቀመጥ ነው፤ ካልሆነም ግሮሰሪ። እዚህ ለታክሲ ሹፌር «ግሮሰሪ ውሰደኝ» ብትይው ወተትና ዳቦ የሚሸጥ በቃላ በር ላይ ያወርድሻል። «ኳስ ምን ያደርግልሻል?» የሚሉሽን ተያቸው። ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ከርመሽ 90 ደቂቃ መጮህ ጤና ነው።

ከቦታው በፊት ግን ሰዓቱን ቁጠሪ። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ለንደን ላይ እሁድ ከቀኑ 10፡30 የሚጀምር ጨዋታ ኩዌት፣ ሪያድና ዶሃ ልክ እንደ አዲስ አበባ ማታ 1፡30 ነው፤ ዱባይ 2፡30። ዱባይ ያለሽው ከጨዋታው ስትወጪ 4፡30 ሊሆን ነው ማለት ነው። የሻምፒዮንስ ሊግ ደግሞ ዱባይ እኩለ ሌሊት ይጀምራል፤ እሱን በስልክ ተከታተይው። በቀረው የዓመቱ ጊዜ ሁሉም አንድ ሰዓት ቀደም ይላል።

ይሄን የምለው ለማዳም የምትነግሪው የመመለሻ ሰዓት እውነተኛ እንዲሆን ነው። «በ3 ሰዓት እመጣለሁ» ብለሽ 5 ሰዓት ከሆነና ስልክሽ ከጠፋ፣ «ሠራተኛዬ ጠፋች» ብለው የሚያስመዘግቡ ቤቶች አሉ። ሰዓቱን በቴክስት ላኪላት፤ ማስረጃ ይሆንሻል። የሳምንት ዕረፍት መብትሽ ነው፦ በኩዌት በ2015 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ሕግ ቁጥር 68፣ በኤሚሬትስም በ2022ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ ተጽፏል። አንዳንድ ቤት «ዕረፍት» ማለት ክፍልሽ ውስጥ መተኛት ያስመስሉታል። እንደዚያ ከሆነ በጨዋታው ቀን ሳይሆን ቀደም ብለሽ፣ ማዳም ደህና ስትሆን ተነጋገሪ።

የእንግሊዝ ሊግ በአካባቢያችን የሚተላለፈው በቢኢን ስፖርትስ ነው። ከፍሎ የሚያሳይ ካፌ ሞልቷል፤ ሻይ አዝዘሽ ትቀመጫለሽ። የሺሻ ቤቶች ግን ብዙ ጊዜ ወንድ ብቻ ነው የሚሞላቸው። በር ላይ «አልዮም ፊ ሙባራ?» (ዛሬ ጨዋታ አለ?) ብለሽ፣ ቀጥለሽ «ፊ መካን ሊል ዓኢላት?» (የቤተሰብ ቦታ አለ?) በይ። እኔ ዱባይ ስሠራ የምመርጠው ዴይራ አካባቢ ያሉትን የሐበሻ ምግብ ቤቶች ነበር። የአርሴናልና የማንችስተር ጭቅጭቅ በአማርኛ ካልሆነ አይጥምም። ቤሩት ያላችሁ ዶራና ቡርጅ ሐሙድ አካባቢ ጠይቁ።

እውነተኛ መጠጥ ቤት ዱባይ አለ፤ አብዛኛው ሆቴል ውስጥ ነው፣ ዋጋውም ውድ ነው። ዕድሜሽ 21 መሙላት አለበት፣ መታወቂያም ይጠይቁሻል። ጠጥቶ መንገድ ላይ መንገዳገድ ወንጀል ነው። ሻርጃ ውስጥ መጠጥ ጭራሽ የለም። የምትጠጪውን ራስሽ እዘዢ፤ ብርጭቆሽን ትተሽ ሽንት ቤት ከሄድሽ ስትመለሺ አትንኪው።

ኩዌትና ሳውዲ መጠጥ ክልክል ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ኳሱን በኪራይ ክፍል ተሰብስቦ ያያል፤ እዚያ በውኃ ጠርሙስ የተቀዳ «አረቄ» ይመጣል። እባካችሁ እሱን አትንኩ። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ኩዌት ውስጥ ሜታኖል በተቀላቀለበት መጠጥ ከ20 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ዓይናቸው የጠፋም አሉ። ሜታኖል በሽታውም በጣዕሙም አይለይም። ሲጠጣ እንደ ማንኛውም መጠጥ ያሰክራል፤ ሕመሙ ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ይመጣል፦ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ዓይን መደብዘዝ፣ ትንፋሽ መፍጠን። በጊዜ ሆስፒታል ከተደረሰ መድኃኒት አለው። ፖሊስ ይመጣል ብሎ ጓደኛን «ተኝታ ይሻላታል» ማለት ይገድላታል። ኩዌት 112፣ ሳውዲ 997፣ ኤሚሬትስ 998 ደውሉ፤ ምን እንደጠጣችም ለሐኪሙ ንገሩ።

ሌላው ደላላ ነው። ኳስ ባለበት ቀን አይጠፋም። ጎል ሲገባ አብሮሽ ይጨፍራል፣ ከዚያ «ይሄን ቤት ተዪው፣ ደሞዝ እጥፍ አለ» ይልሻል። ከአሠሪሽ ያለ ሕጋዊ ዝውውር ከወጣሽ ወረቀትሽ ይበላሻል፤ ከዚያ በኋላ ደሞዝ ቢከለክልሽም ለመክሰስ ትፈሪያለሽ። ስልክሽን አትስጪው።

መታወቂያሽን ያዢ፣ የፓስፖርትሽን ፎቶ ስልክሽ ላይ አስቀምጪ፣ ለታክሲ የሚሆን ብር ለይተሽ ያዢ። የዱባይ ሜትሮ የሴቶች ፉርጎ አለው፤ ማታ ካመሸሽ ደግሞ ሮዝ ጣሪያ ያለውን ታክሲ ጥሪ፣ ሹፌሯ ሴት ናት።