ፋንሲዳር ለምን ከዳን?

በክሊኒካችን ተራ ይጠብቁ የነበሩ አንድ አባት፣ «ልጄ፣ ድሮ ሦስት ፍሬ ፋንሲዳር በአንድ ጊዜ ውጠን እንድን ነበር። አሁን ሦስት ቀን ሙሉ የምታስውጡን ለምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሆነ በዚህ እትም መልሱን ይዘን ቀርበናል።

ፋንሲዳር ሰልፋዶክሲንና ፒሪሜታሚን የተባሉ ሁለት መድኃኒቶች በአንድነት ያሉበት ነው። የወባ ተውሳክ በደማችን ውስጥ ለመራባት ፎሌት የተባለ ንጥረ ነገር ያስፈልገዋል። ይህን ለሥራ የሚያዘጋጅለት አንድ ኤንዛይም አለው። ፒሪሜታሚን ቁልፍ በጓጉንቸር ውስጥ እንደሚገባ በኤንዛይሙ ስርጉድ ቦታ ገብቶ ይሰካል። ያን ጊዜ ሥራው ይቆማል፤ ተውሳኩም መራባት ያቅተዋል።

ኤንዛይም በማይክሮስኮፓችን አይታይም። ስለዚህ ተመራማሪዎች አጣርተው እንደ ጨው ፍሬ ክሪስታል እንዲሆን ያደርጉታል። ከዚያም ራጅ ያሳርፉበትና ጨረሩ ከተበተነበት ሁኔታ ተነስተው ቅርጹን ያሰላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2003 የታይላንድ ተመራማሪዎች ከሌሎች አገሮች ባልደረቦቻቸው ጋር መድኃኒቱ የሚያጠቃውንና መድኃኒቱን የተላመደውን ኤንዛይም ክሪስታሎች አነጻጽረው አሳዩ። ኤንዛይም እንደ መቁጠሪያ ከተያያዙ አሚኖ አሲዶች የተሠራ ነው። በተላመደው ተውሳክ 108ኛው ፍሬ ተለውጦ በቦታው ተለቅ ያለ ገብቷል። ይህም ከፒሪሜታሚን የክሎሪን ጫፍ ጋር ይጋጫል፤ መድኃኒቱም በደንብ አይሰካም። የተውሳኩ የራሱ ምግብ ግን እንደ ወትሮው ይገባል። 51ኛው፣ 59ኛውና 164ኛው ሲጨመሩ መላመዱ ይብሳል።

ኢትዮጵያና ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ክሎሮኪንን በፋንሲዳር፣ በ2004 ደግሞ ፋንሲዳርን በኮአርተም ለመተካት የወሰኑት መድኃኒቶቹ እየከዱ በመምጣታቸው ነው። በአንዳንድ አገሮች ዛሬም ለነፍሰ ጡር እናቶች ፋንሲዳር የሚሰጠው ለመከላከያ እንጂ ለሕክምና አይደለም።

ያ ጥናት ለአዲስ መድኃኒት ፍለጋም መንገድ ከፍቷል። ፒ218 የተባለው መድኃኒት ከግጭቱ እንዲያመልጥ ሆኖ ተቀርጿል። በሰዎች ላይ መሞከር ቢጀምርም ክሊኒክ አልደረሰም። እስከዚያው በእጃችን ያለውን መጠበቅ አለብን። በኤርትራ፣ በኡጋንዳ፣ በሩዋንዳና በታንዛኒያ ከኮአርተም ሁለት መድኃኒቶች አንዱን በከፊል የተላመደ ተውሳክ መገኘቱ ተረጋግጧል።

ስለዚህ፦

- ትኩሳት ሲሰማችሁ በዚያው ቀን መጥታችሁ ተመርመሩ።
- ኮአርተምን ስድስቱንም ጊዜ ውሰዱ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ለሁለት ቀን ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ ወይም ከወተት ጋር ነው።
- ትኩሳቱ ስለበረደ አታቋርጡ፤ ለሌላ ሰው አታካፍሉ፤ ለነገም አታስቀምጡ።

በጎ ፈቃደኞች፣ ቤት ለቤት ስትዞሩ የተረፈ ፍሬ ካያችሁ ሳትቆጡ ምክንያቱን ጠይቁና አስረዱ። ተውሳኩ መድኃኒትን የመልመድ ዕድል የሚያገኘው ግማሽ መንገድ ላይ ስንተወው ነው።